«የእህቴ ልጅ ናት»

ማስታወቂያው በመኪና ሲመጣ ስንዱ አጥሯ ጥግ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። መኪናዋ የቡራዩን ኮረኮንች እየዘለለች መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ ትለፍፋለች። ስንዱ ሁለቱንም ቋንቋ አሳምራ ስለምታውቅ ሁለት ጊዜ ሰማችው፤ ሁለት ጊዜም ተናደደች። መታወቂያ የሌለው የቤት ሠራተኛ ያላችሁ ሠራተኛውን ይዛችሁ ቅረቡና አስመዝግቡ፤ ሳያስመዘግብ የተገኘ አሠሪ በሕግ ይጠየቃል፣ ነው ነገሩ።

«የከተማውን ሌባ መያዝ ሲያቅታቸው ወደ ሠራተኛ ዞሩ» ብላ ጎመኗን ይዛ ገባች።

ማስታወቂያው እሷን እንደማይመለከት ራሷን ለማሳመን ብዙ ጣረች። ችግሩ ግን እዚያው ጓዳዋ ውስጥ ቆሞ ሾርባ ያማስል ነበር። ጣቢታ ይባላል ችግሩ። ከከምባታ የመጣች፣ በአሸዋ ሜዳ ደላላ በኩል የተገኘች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት። መታወቂያ የላትም። የልደት ካርድ የላትም። ስልኳ ውስጥ ያለው ሲም ካርድ እንኳን በስንዱ ስም የወጣ ነው። በወረቀት ለፈለጋት ሰው ጣቢታ የምትባል ፍጥረት በዚህች ከተማ የለችም፤ በሥራ ለፈለጋት ግን ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት።

መታወቂያ ሳታወጣላት አራት ዓመት ያስቀመጠቻት ለምን ነው ቢባል፣ ስንዱ ሰነፍ ሆና አይደለም። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው፤ የሰውን ወረቀት ስትደረድርና ማኅተም ስታስመታ ነው የምትውለው። ከየት ወረዳ ምን ዓይነት መሸኛ እንደሚጻፍ፣ ማን ዘንድ እንደሚኬድ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ከጣቢታ በፊት ደመቀች የምትባል ሠራተኛ ነበረቻት። ለደመቀች ዋስ ሆና፣ ተሰልፋ፣ ፎቶ አስነስታ መታወቂያ አወጣችላት። ደመቀችም መታወቂያዋን በያዘች በወሩ ሰበታ ፋብሪካ ተቀጥራ ሄደች፤ ደህና ይዋሉ እንኳን በቅጡ አላለችም። ስንዱ ያን ጊዜ ሁለተኛ አይለመደኝም ብላ ማለች። ጣቢታ በጠየቀቻት ቁጥር «ይሄ በዓል ይለፍና» ትላታለች። በዓል ደግሞ እዚህ አገር አያልቅም።

ይህን ሁሉ ያደረገችው ለገብረየስ ነው። ለራሷም እንዲያ ነው የምትለው፤ ውሸትም አይደለም።

ባሏ ገብረየስ የመኪና መለዋወጫ ይነግድ የነበረ፣ ሲስቅ መንደሩ የሚሰማው ሰው ነበር። ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ በድን ሆነ፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ፤ ምግብ መዋጥ ሥራ ሆነበት። ስንዱ ልታበላው ስትሞክር ከንፈሩን ይገጥምና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ቢሮ እንዳይረፍድባት ስለምትቸኩል ነው ይላሉ ጎረቤቶች። እሷ ግን እውነቱን ታውቀዋለች፤ ሚስቱ ፊት ልጋጉ መውረዱን መሸከም አልቻለም። ጣቢታ ስትመጣ ግን፣ ማንም ሳይነግራት ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠችና ማንኪያውን ይዛ ጠበቀችው። እስኪፈልግ ጠበቀችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ገብረየስ የሚበላው ከእሷ እጅ ብቻ ነው። ስንዱ በዚህ መቅናቷንም መደሰቷንም መለየት ተስኗት አራት ዓመት ኖረች።

ጎረቤቷ ኦቦ አማኑ አርብ ከሰዓት በኋላ መጡ። የሠፈሩ ተጠሪ ስለሆኑ ከፖሊሶቹ ጋር የሚዞሩት እሳቸው ናቸው።

«አካም ኦልተ፣ ስንዱ ኮ። ነገ ቅዳሜ በዚህ በኩል ነው የምንዞረው። ልጅቷን ዛሬ ወስደሽ አስመዝግቢያት።»

«ኦቦ አማኑ፣ መታወቂያ የሌላትን ምን ብዬ ላስመዝግባት?»

«የላትም በያ! አስጠንቅቀው ጊዜ ይሰጡሻል፤ ከአገሯ መሸኛ ታስመጪላታለሽ። ደብቀሽ ከተያዝሽ ግን ሌላ ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ይብሳል።»

«መታወቂያ ከያዘች ትሄድብኛለቻ። ገብረየስስ?»

ሽማግሌው ወደ ውስጥ አዩ። ገብረየስ የተኛበት ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። «ትሄዳለች ብለሽ ነው?»

«ደመቀች አልሄደችም?»

ስንዱ ይኼኔ ነው የማታውቀውን ድፍረት ያገኘችው። «ሠራተኛ አይደለችም። የእህቴ ልጅ ናት። የውብአየሁ ልጅ» አለች፣ ዐይኗን በጨው አጥባ።

«ዋቃዮ!» አሉ ኦቦ አማኑ፣ በዱላቸው መሬቱን ነካ ነካ እያደረጉ። «እኔ አልሰማሁም። ጎረቤት ነሽና አልናገርም። ግን አልሰማሁም።»

እሳቸው እንደወጡ ስንዱ ሥራ ጀመረች። ጣቢታን ሳሎን አስቀመጠችና እንደ ፈተና አስጠናቻት። እናትሽ ማን ይባላል? ውብአየሁ። የት ነው ያለችው? ፍኖተ ሰላም። ታዲያ አነጋገርሽ ለምን የደቡብ ሆነ? አባቴ ደቡብ አስተማሪ ነበር፣ እዚያ ነው ያደግሁት። ልጅቷ ቶሎ ነው የያዘችው፤ ጭንቅላቷ ብሩህ ነው። ስንዱም እዚህ ላይ ብትተወው ምን ነበረበት! ግን ቤተ ዘመዷን ከነአያት ቅድመ አያቱ የምታውቅ ሴት ናትና፣ ማተብ የሌለው አንገት ከእነሱ ቤት ወጣ ሲባል ማን ያምናል ብላ ተጨነቀች። ከመሳቢያዋ ጥቁር ክር አወጣች።

ጣቢታ ክሩን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «እትዬ፣ ይሄን እንኳን አላደርግም። እኔ ጌታን የተቀበልኩ ነኝ።»

«ክር ነው እኮ! ክር ደግሞ ምን ያደርግሻል?»

የራሷን ማተብ ቁረጪ ቢሏት አንገቷን የምትሰጥ ሴት ናት ይህን ያለችው።

«እኔ ብታሰር ጋሼን ማን ያበላል?» አለች ስንዱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

በዚህ ነው የያዘቻት። ልጅቷ ገርበብ ያለውን በር አየች፤ ከዚያ ጎንበስ አለችና አንገቷን ሰጠች። ስንዱ ከኋላዋ ሆና ስታስር ያፈረች መሰለኝ። ግን አሰረች።

ቅዳሜ ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ሳጅን ሉቃስ የሚባል ፖሊስ፣ አንዲት የቀበሌ ሴትዮና ኦቦ አማኑ መጡ። ሳጅኑ ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን ጠርጎ ነው የገባው። ኦቦ አማኑ ከበሩ አልዘለቁም፤ የማያውቁት ቤት ይመስል ጣሪያውን ያያሉ።

«ይቺ ልጅ ማን ናት?»

«የእህቴ ልጅ ናት» አለች ስንዱ።

ሳጅኑ ጣቢታን ጠየቃት። ጣቢታም መለሰች፤ ውብአየሁ፣ ፍኖተ ሰላም፣ አባቴ አስተማሪ ነበር። መታወቂያሽስ ሲላት ስንዱ ቀደመቻትና አገሯ ረስታው መጥታ ነው አለች። «በቶሎ ታስመጣ» አለ ሳጅኑ። የቀበሌዋ ሴትዮ ቦርሳዋን ዘጋች። ስንዱ ትንፋሿ መለስ አለላት፤ ሻይ ካልጠጣችሁ ብላ መለማመጥ ጀመረች። ክፉ ነገር አለፈ ሲባል ሰው ለምን እንዲህ እንደሚቀባጥር እንጃ።

ያን ጊዜ ከውስጥ ገብረየስ አጉረመረመ። የምሳው ሰዓት ደርሷል፤ ረሃቡን የሚናገርበት ድምፅ ነው። ጣቢታ ማንንም ሳታስፈቅድ ሾርባውን አንሥታ ገባች። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉም አዩዋት። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች፤ አንገቱን በትራስ አቃናች፤ ዐይኗን ጨፍና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጸለየች።

«ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ስለዚህ ምግብ እናመሰግንሃለን። ጋሼን አበርታልን። ዛሬ ቤታችን የመጡትን ባርካቸው። በኢየሱስ ስም።»

«አሜ» አለ ገብረየስ በተጣመመ አፉ።

«አሜን» አለ ሳጅን ሉቃስም ከሳሎን። ሳያስበው ነው ያመለጠው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ሲጸለይ አሜን ሲል ያደገ ሰው ነው። አሜን ካለ በኋላ ግን ዐይኑ ልጅቷ አንገት ላይ ቀረ።

«እህቴ፣ የት ነው የምታመልኪው?»

«ማርያም!» አለች ስንዱ።

«ታች፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለችው ቸርች» አለች ጣቢታ። ሁለቱም እኩል ነው የተናገሩት።

ማተቡን ባታስርላት ኖሮ ምንም አልነበረም። የእህቴ ልጅ ጴንጤ ሆናብን ነው ብትል ሳጅኑ ስቆ በወጣ፤ እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ቤት የት አለ? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የምታመልክ ልጅ ማተብ ማሰሯ ግን ለእሱ ዓይነቱ ሰው ውሸቱ በግንባሯ ላይ የተጻፈ ያህል ነበር።

«ማን ነው ያሰረልሽ?» አላት፣ ረጋ ብሎ።

ጣቢታ ማንኪያውን እንደያዘች ወደ ስንዱ አላየችም። ወደ መሬት ነው ያየችው። «ትናንት ነው የታሰረው» አለች።

«ምሳቸውን አብልተሽ ጨርሺና አብረን እንሄዳለን» አለ ሳጅኑ። «ወይዘሮ ስንዱ፣ እርስዎም።»

ጣቢያ የተቀበለቻቸው መርማሪዋ ሬሐና ናት። ወጣት ናት፤ ግን የሰውን ቃል ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው የምትሰማ፣ በዚያም የምታስፈራ። ስንዱ ታሪኳን ሁሉ ደገመችላት። ሬሐና ሰምታ ስትጨርስ «የእህትዎን ስልክ ይስጡኝ» አለች። ስንዱ ወዳ ሳይሆን ቁጥሩን ሰጠች። ከአርብ ጀምሮ ለእህቷ እደውላለሁ ስትል፣ ምን ብዬ እጀምራለሁ ስትል፣ ሳትደውል ቀርታለች።

ሬሐና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

«ሴት ልጅዎ ቡራዩ ናት ወይ እናቴ?»

«የማ ልጅ? የኔ?» አለች ውብአየሁ ከፍኖተ ሰላም። «ኧረ እኔስ እመቤቴ ሴት ልጅ አልሰጠችኝም! ወንድ ብቻ ነው የወለድኩ። ማነሽ አንቺ?»

ሬሐና አመስግና ዘጋች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። «አሁን እውነቱን ይንገሩኝ» አለች። «ያልተመዘገበ ሰው መቅጠር አንድ ነገር ነው። ለፖሊስ ሐሰተኛ ቃል መስጠት ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት አይደል?»

ስንዱ መሥሪያ ቤቷን አሰበች፤ ደመወዟን፣ የገብረየስን መድኃኒት፣ የሰው አፍ። ጣቢታ አጠገቧ፣ አግዳሚው ላይ፣ እጆቿን ጉልበቷ መካከል አድርጋ ተቀምጣለች። ስንዱ እሷን ሳታይ ነው የተናገረችው።

«እሷ ናት» አለች። «ዘመድ ነኝ በይልኝ ብላ የለመነችኝ እሷ ናት። መታወቂያ አለኝ ብላ ነው የተቀጠረችው፤ አታለለችኝ። እኔ አዝኜላት ነው።»

ቃሉ ካፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው። ዛሬ እኔ ልውጣ፣ ከዚያ ዋስ ፈልጌ አስወጣታለሁ ብላ ነው ያሰበችው፤ ነገሩን እንደ ብልሃት ነው የቆጠረችው። ጣቢታ ቀና ብላ አየቻት። አልተሳደበችም። አላለቀሰችም። የማታውቀው ሰው በስሟ ጠርቷት ዞር ያለች ነበር የምትመስለው።

ስንዱ መታወቂያ ስላላትና አንድ የሥራ ባልደረባዋ ዋስ ስለሆነላት ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጣች። ጣቢታ መታወቂያ ስለሌላት እዚያው አደረች። ክሱ የአሠሪ፣ እስሩ የሠራተኛ ሆኖ ተገኘ።

ገብረየስ በር በተንኳኳ ቁጥር ዐይኑን ወደዚያ ያዞራል። ስንዱ በዚያ ምሽት ሾርባውን ይዛ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ከንፈሩን ገጠመ። ለመነችው፤ ተቆጣችው፤ አለቀሰችበት። እንደ ጣቢታ ልጠብቀው ብላ ማንኪያውን ይዛ ቁጭ አለች፤ ሾርባው ግን ቀዘቀዘ። እሱ ግድግዳውን እያየ ተኛ።

ሰኞ ጠዋት ኦቦ አማኑን ይዛ ጣቢያ ሄደች። ሽማግሌው ለጣቢታ ዋስ ሊሆኑ እሺ ብለዋታል። «ለአንቺ አይደለም፣ ለልጅቷ ነው» አሏት መንገድ ላይ።

ሬሐና ግን ጣቢታ ከጣቢያ መውጣቷን ነገረቻቸው። እሑድ ዕለት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት ምእመናን የጸሎቱ ፕሮግራም እንዳለቀ ተሰብስበው መጥተው ኖሯል። ተረፈ የሚባል ግንበኛ፣ የቸርቿ ሽማግሌ፣ ዋስ ሆኖ ወደ ቤቱ ወስዷታል።

«ማተቡን ማን እንዳሰረላት አጥብቄ ጠይቄያታለሁ» አለች ሬሐና። «እውነቱን ነግራኛለች። አሁን ተጠርጣሪ አይደለችም፤ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ናት።»

«ያረፈችበትን ቤት አሳዩኝ። ሁለት ቃል ብቻ ላናግራት» አለች ስንዱ። «ባሌ አልበላም ብሏል።»

«አይቻልም። ምስክር ዘንድ ከሄዱ፣ ሰው ከላኩ፣ ከደወሉ ዋስትናዎ ይነሣል። ይታሰራሉ።»

ስንዱ መጀመሪያ የምትቀልድ መስሏት ነበር። የወፍጮ ቤቱ ቸርች ከቤቷ አጥር ላይ ሆኖ የሚታይ ነው፤ እሑድ እሑድ ጣቢታ የምትዘምርበት መዝሙር እስከ ጓዳዋ ይሰማል። ሰማንያ ክንድ የማይሞላ መንገድ ሕግ አጠረበት። ብትሄድ ትታሰራለች፤ ብትታሰር ገብረየስ ብቻውን ይቀራል። ባትሄድ ደግሞ ገብረየስ እንደማይበላ ነው። እህል ውሃ እንዲህ አድርጎ ይቆላለፋል ብሎ ማን ያስባል?

አዲስ ሠራተኛ ፈለገች፤ ደላላዎቹ ወሬውን ሰምተው ሸሿት። ከባለመታወቂያዎቹ አንዷ መጥታ አንድ ሳምንት እንኳን ሳትሞላ ወጣች፤ «ሰውዬው ያየኝና ያለቅሳል» ብላ። ነርስ ተጠርቶ በአፍንጫው ቱቦ ከተተለት። ገብረየስ በደህናው እጁ መዞ ጣለው። እጁን እንሰረው ወይ አላት ነርሱ። ስንዱ አይሆንም አለች፤ ቆይታ ግን ይሁን አለች። ጉንጩ ጎደጎደ። መሥሪያ ቤቷም ጉዳዩ እስኪወሰን ከሥራ አገዳት፤ በጣቢታ ላይ የዋሸችለት ሥራ ማለት ነው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ችሎቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ነው፤ ለምስክሯ ሲባል አስተርጓሚ ተመድቧል። ጣቢታ ተጠርታ ስትገባ ስንዱ መጀመሪያ አላወቀቻትም። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ የማታውቀው ቀሚስ ለብሳለች፤ አንገቷ ባዶ ነው። ጸሐፊዋ መታወቂያ ስትላት ከቦርሳዋ አውጥታ አስቀመጠች። አዲስ ነው፤ ገና ጠርዙ አልታጠፈም። ተረፈ አገሯ ድረስ ደውሎ መሸኛ አስልኮ፣ ቀላል ነገር ሆኖ ነው ያለቀው። ስንዱ ያችን ካርድ ከተከሳሽ ሳጥን ሆና ስታያት ሆዷ ባባ።

ጣቢታ ማለች። ዳኛው ጠየቁ፤ አስተርጓሚው ተቀበለ።

«ከተከሳሽ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ አለሽ?»

ሁሉም ምስክር የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ጣቢታ ትንሽ አሰበች።

«ዝምድና የለንም» አለች። «ጠብም የለንም። ሠራተኛቸው ነበርኩ።»

ከዚያም የሆነውን ሁሉ እንደሆነው ተናገረች። አልጨመረችም፤ አልቀነሰችም። በክፋት ብትናገር ስንዱ በጠላቻትና ባረፈች። ጣቢታ ግን ስለ ክሩም፣ ስለ ፍኖተ ሰላምም፣ ስለ ጣቢያውም የተናገረችው አንድ ሰው የገበያ ውሎውን እንደሚናገር ነው። ዐቃቤ ሕጉ ጨረሰ። ስንዱ ጠበቃ አላቆመችም፤ ለጠበቃ የሚሆነው ብር መድኃኒት ተገዝቶበት አልቋል።

«ተከሳሽ፣ ለምስክሯ መስቀለኛ ጥያቄ አለሽ?» አለ አስተርጓሚው።

ኦቦ አማኑ ከኋላ መደዳ ተቀምጠው ነበር። ዳኛው ክሱ ይቀልልሽ ዘንድ የሚጠቅምሽን ጠይቂ የሚል ዓይነት አስተያየት አዩዋት። እውነትም የምትጠይቀው ነበራት። ምን በድዬሽ አውቃለሁ? ያልበላሽው ምን በላሁ? የታመምሽ ጊዜ አላስታመምኩሽም? እንዲህ ብትል ቅጣቱ ሊቀልላት ይችል ነበር፤ ባልደረቦቿም እንዲያ በይ ብለው መክረዋታል።

ስንዱ የሳጥኑን እንጨት በሁለት እጇ ያዘች።

«ጣቢታዬ» አለች። «ጋሽሽ አልበላም ብሏል። እኔ ይፍረዱብኝ፣ ግድ የለም። አንድ ቀን ብቻ መጥተሽ ታበይልኛለሽ ወይ?»

ጣቢታ ያን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። ከገባች ጀምሮ ጸንቶ የቆየው ፊቷ ሁሉ ፈረሰ፤ ዐይኗ እንባ ሞላ። አፏን ከፈተች።

ዳኛው ግን እጃቸውን አነሡና በኦሮምኛ ተናገሩ። አስተርጓሚው ወዲያው ወደ አማርኛ መለሰው፤ ስንዱ ግን ሳይተረጎምላት ነው የገባት።

«ፍርድ ቤቱ ጥያቄው ከክሱ ጋር አይገናኝም ብሏል። ምስክር፣ እንዳትመልሺ። ጨርሰሻል፤ መውጣት ትችያለሽ።»

ጣቢታ የከፈተችውን አፍ ዘጋች። አስተናባሪው በሩን ከፈተላት፤ ወጣች። ጸሐፊዋም ተከሳሽ ለምስክሯ ጥያቄ የላትም ብላ ጻፈች።